«እህቴ የምትችለውን እኔ ለምን አቃተኝ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ አልዛይመር እንዳለባት ከተነገረን 3 ዓመት ሆነን። እኔና እህቴ ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቅን እናስታምማታለን። እናቴ ምንም ብትላት የእህቴ ፊት አይለወጥም። እኔ ግን «አባታችሁ መጣ ወይ?» እያለች ስትደጋግምብኝ እጮህባታለሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ሌሊት ስለምትነሳ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ድሮም ጭንቀታም ነኝ። ጠባዬ ለማስታመም የማይሆን ሆኖ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጠባይ ድርሻ አለው፤ እርስዎ የሰጡትን ያህል ግን አይደለም። በአስታማሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ቶሎ የሚጨነቅና በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ጫናው ይበረታበታል፤ ለድባቴም ይበልጥ ይጋለጣል። ከሰው ጋር መዋል የሚወድ ደግሞ በአማካይ ይቀለዋል። ሆኖም አብዛኞቹ ጥናቶች ጠባይን የለኩት ሰው ማስታመም ከጀመረ በኋላ ነው። ወራት ሙሉ በቅጡ ያልተኛ ሰው ስለ ጠባዩ ሲጠየቅ ከሚመልሰው ውስጥ የትኛው የቆየ ባሕርይ፣ የትኛው ድካም እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እርስዎም ዛሬ ላይ ሆነው ስለ ራስዎ ፍርድ ባይሰጡ ይሻላል።

አስታማሚን ይበልጥ የሚያደክመው መርሳቱ ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ነው፦ ጥያቄ መደጋገም፣ ጥርጣሬ፣ ሌሊት መነሳት። ስለዚህ የምጀምረው ከእናትዎ እንቅልፍ ነው። ቀን ብዙ ይተኛሉ? ከሰዓት በኋላ ቡና ይጠጣሉ? እንደ ፉሮስማይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ማታ ይወስዳሉ? ከሆነ ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይዞር እንደሆነ ያዘዘላቸውን ሐኪም ይጠይቁ። የሆድ ድርቀት፣ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሌሊት ያስነሳሉ፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው «አመመኝ» ማለት ስለሚሳነው በመቅበዝበዝ ይገልጸዋል። ግራ መጋባቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰ «በሽታው ገፋ» ብለው አይለፉት፤ የዚያኑ ቀን ይመርመሩ። እንዲያስተኛቸው ብለው ዳይፈንሃይድራሚን ያለበትን የአለርጂ ወይም የጉንፋን ኪኒን ከፋርማሲ ገዝተው አይስጧቸው፤ ግራ መጋባቱን ያብሰዋል። እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉትም በእንዲህ ያሉ አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋ ስለሚጨምሩ ሌላው መንገድ ካልሠራ ብቻ፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጡ ናቸው።

እናትዎ ወደሚደጋግሙት ጥያቄ ልምጣ። «ነግሬሽ የለም እንዴ?» ማለት የማይሠራው እናትዎ መልሱን ሰምተው ችላ ስላሉት አይደለም። አእምሯቸው አዲሱን ነገር አላስቀመጠውም። «ሞቷል» ብለው በነገሯቸው ቁጥር መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማሉ። «ናፈቀሽ አይደል? እስቲ ስለ እሱ አጫውቺኝ» ይበሉና ጥቂት ካወጉ በኋላ እጃቸውን ሥራ ያስይዙት፦ ምስር መልቀም፣ ጥጥ መባዘት፣ ፎጣ ማጠፍ። በደንብ ባይለቀም ግድ የለም። ቁጣው ሲመጣ ከታወቀዎት ደግሞ እናትዎ መቀመጣቸውን፣ ከሰል ወይም ጋዝ አለመለኮሱን ያረጋግጡና 5 ደቂቃ ወጣ ይበሉ። ትንፋሽዎን እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያውጡ።

ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ እናትዎ ምን አደረጉ፣ እርስዎ ምን አሉ፣ ከዚያስ? ለምሳሌ በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ለብሰው «ቤቴ ልሂድ» የሚሉ ከሆነ፣ ሰዓቱ ቤቱ የሚጨልምበትና ሆድ የሚራብበት ይሆናል። 10 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ማብራት፣ መክሰስ ማቅረብ፣ ግቢ ውስጥ ትንሽ ማራመድ ከክርክር ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ዘዴ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች በ260 የቤተሰብ አስታማሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ፈትሸውታል። ትምህርቱ 8 ክፍለ ጊዜ ነው፤ የሰጡትም በሥነ ልቦና የተመረቁ፣ ክትትል ያልተለያቸው ወጣቶች እንጂ ስፔሻሊስቶች አልነበሩም። የተማሩት አስታማሚዎች ድባቴና ጭንቀት ካልተማሩት ያነሰ ሲሆን ልዩነቱ ከ6 ዓመት በኋላም ታይቷል። የማንንም ጠባይ ለመቀየር ግን አልሞከሩም።

ተራችሁንም አልወደድኩትም። ሳምንት ሙሉ ሌሊቱን ብቻውን መያዝ ለማንም ይከብዳል፤ ለሚጨነቅ ሰው ደግሞ ይብሳል። ሰዓቱን እኩል ከመካፈል ሥራውን በዓይነቱ ተካፈሉት። የሚጨነቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጥንቁቅ ነው፤ መነሻና መድረሻ ያለው ሥራ ይሆነዋል፦ ኪኒን መደልደል፣ ቀጠሮ መከታተል፣ ጠዋት ማጠብ። (ገላ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል፤ በየቀኑ መታጠብ አለባቸው ብለው አይታገሏቸው።) ግራ መጋባት የሚበረታበትን ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ እህትዎ ይያዙት። ሌሊቱን ግን ሁለታችሁም በየተራ ሙሉ እንቅልፍ እንድታገኙ በቀን በቀን ቀያይሩት። ጠያቂ ዘመድም «አይዞሽ» ብሎ ቡና ጠጥቶ ከሚሄድ ቅዳሜ 2 ሰዓት ቁጭ ይበልላችሁ። ለጠያቂ ቡና ማፍላቱም እኮ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እህትዎን በተመለከተ፣ ፊታቸው አለመለወጡ አለመጎዳታቸውን አያሳይም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የሚይዝ ሰው ሳይታወቅ ይወድቃል። የዛሪት የአስታማሚ ጫና መጠይቅ 22 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ጣሪያው 88 ነው። ሁለታችሁም ለየብቻ ሙሉት። ከ40 በላይ ከሆነ የሥራ ክፍፍሉ መለወጥ አለበት፤ ከ60 በላይ ጫናው እጅግ ከባድ የሚባለው ነው።

ድባቴ ግን ከጫና ይለያል። ከ2 ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋዎት ወይም ደስ ይልዎ የነበረው ሁሉ ካስጠላዎት፣ እናትዎ ተኝተውም እርስዎ እንቅልፍ ካጡ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ ሕክምና ያስፈልግዎታል። የምክር ሕክምና አለ፤ ካስፈለገም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ የሚሰሩት ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ በ5ኛው ቀን «አልረዳኝም» ብለው አያቋርጡ። ራስዎን ወይም እናትዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ እናትዎን ለሌላ ሰው ሰጥተው በዚያው ቀን ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይሂዱ።

ብዙ አስታማሚ በሕመምተኛው ቀጠሮ መሐል «እኔም ትንሽ ደክሞኛል» ይልና በዚያው ይቀራል። እርስዎ በራስዎ ስም ካርድ ያውጡ፤ የሳምንቱን ማስታወሻና የሞላችሁትን መጠይቅም ይዘው ይግቡ።