መርፌ፣ ክርና ቋጠሮ በጠፈር

ስለ ጠፈር መሣሪያዎች አሠራር ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

«የኪዩሪዮሲቲን ፎቶ ሳየው ሽቦዎቹ በክር ታስረዋል። ማርስ ድረስ የሄደ ማሽን በክር?»

አዎ፣ በክር። ሽቦን ሰብስቦ በክር ማሰር የድሮ የስልክ ሠራተኞች ሙያ ነው። ናሳ ዛሬም ይሠራበታል፤ አተሳሰሩንም በደንብ ጽፎ አስቀምጦታል። ለምን የፕላስቲክ ማሰሪያ አይሆንም? ጭንቅላቱ ጠጣር ነው፤ ጠርዙ የሽቦውን ሽፋን ሊፍቅ ይችላል። ተራ ፕላስቲክ ደግሞ አየር በሌለበት ቦታ ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ሄዶ ሌንስ ላይ ይለጠፋል። ክሩ ግን ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው። እያንዳንዱ ቋጠሮ ለብቻው ስለሚታሰር አንዱ ቢፈታ ሌሎቹ ይይዛሉ። ሌላ ስላጡ ሳይሆን የተሻለው እሱ ስለሆነ ነው የመረጡት።

«የአፖሎ ኮምፒውተር በእጅ ተሸመነ የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝም ይሄ ነው። መንኮራኩሩን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ፕሮግራም የተቀመጠበት ቋሚ ማህደረ ትውስታ 36,864 የኮምፒውተር «ቃላት» (የ1 እና የ0 ስብስቦች) ይይዝ ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ በሬይቲዮን ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ቀጭን ሽቦ በመርፌ ይዘው በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች መሃል ያሳልፉ ነበር። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1 ነው፤ በውጭ ካለፈ 0። ፕሮግራሙ ራሱ የሽቦው መንገድ ነበር ማለት ነው። ኃይል ቢቋረጥ እንኳ አይጠፋም። ችግሩ ግን አንዴ ከተሸመነ ማረም መከራ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ ሥራቸውን ከጉዞው ወራት ቀድመው መጨረስ ነበረባቸው። ድርና ማግ ሲዋደድ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። እነዚያን ሴቶች «ተራ ሠራተኛ» ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ይመስለኛል።

«እንጨት ጠፈር ሄዶ ያውቃል?»

ሄዷል። በ2024 ሊግኖሳት የተባለው የጃፓን የእንጨት ሳተላይት ወጥቷል። ጎኑ 10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች ሣጥን ነበረች። እንጨቶቹን ያለ ሙጫና ያለ ብሎን፣ በጃፓን አናጢዎች ጥንታዊ ዘዴ አገጣጠሟቸው።

«የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ። ያንን ሽቦ የሚታሰርበትን ቋጠሮ ልሞክረው?»

ሞክረው እንጂ! ክሩን በሽቦዎቹ ላይ አንዴ አዙር። የመጀመሪያውን ዙር አቋርጠህ ድገምና ጫፉን ከማቋረጫው ሥር አውጣ። ጠበቅ አድርግ፤ ግን ሽቦው እስኪሰረጉድ አይደለም። ከዚያ ከላይ ሁለቴ ቋጥር፦ መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ከቋጠርክ ይንሸራተታል።