ከሒሳብ መዝገብ ወደ አትክልት መደብ፦ የቱን መጽሐፍ ላንብብ?

ጥያቄ፦ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ቢሮ ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ልቤ ያለው ግን አትክልት ማምረት ላይ ነው። እንደገና ኮሌጅ መግባት አልችልም። ቲማቲምና ሌሎች አትክልቶችን ማምረት ለመማር ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ለዪ። ለራስሽ ደስታ ነው ወይስ መተዳደሪያሽ እንዲሆን? አብዛኛው የአትክልት መጽሐፍ የሚጻፈው ጓሮውን ለሚወድ ሰው ነው። ደስ ብሎሽ ታነቢዋለሽ። ስለ ወጪ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ሽያጭ ግን ብዙም አይነግርሽም።

ሥራ እንዲሆንሽ ከፈለግሽ ምርጫዬ የዣን-ማርተን ፎርቲየር «ዘ ማርኬት ጋርድነር» ነው። ፎርቲየርና ባለቤቱ ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ከአንድ ሄክታር በታች በሆነ መሬት ላይ አትክልት አምርተው ሲኖሩ ያዩትን ነው የጻፈው። እያንዳንዱን መደብ በሚያስገባው ገንዘብ ጭምር ያየዋል። እዚህ ላይ የሒሳብ ዕውቀትሽ ከብዙ ጀማሪ ያስቀድምሻል፤ እንደ ባከነ ዕድሜ አትቁጠሪው።

ለቲማቲም ብቻ ደግሞ የክሬግ ለሁሊየርን «ኤፒክ ቶሜቶስ» እወደዋለሁ። ሰውየው በሙያው ኬሚስት ነው። «ቼሮኪ ፐርፕል» ለሚባለው ቲማቲም ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው በትዕግሥት የት እንደሚደርስ ታዪበታለሽ።

ሦስተኛው በ1989 የወጣው የኤሊዮት ኮልማን «ዘ ኒው ኦርጋኒክ ግሮወር» ነው። ስለ አፈርና ሰብል እያፈራረቁ ስለ መዝራት ግሩም ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ በሽታ ይጋራሉ። በአንድ መደብ ላይ ማከታተል የሌለብሽ ለዚህ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከመጽሐፍ ቀኑን ሳይሆን ምክንያቱን ውሰጂ። ኮልማን የሚያርሰው በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ብርድ በሚበረታበት አገር ነው። የእሱን የመዝሪያ ቀን አንቺ ጋ ብታመጪው ላይሠራ ይችላል። የቀን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሰነብት የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይዝ እንደሚረግፍ ካወቅሽ ግን የመትከያ ጊዜሽን ራስሽ ታወጪዋለሽ።

ሌላው፣ መጽሐፉን ጨርሼ እተክላለሁ እንዳትዪ። ጥቂት ችግኝ አሁኑኑ ትከዪና እያየሽ አንብቢ። የቲማቲሙ ፍሬ ከታችኛው ጫፉ ጠቁሮ ሲበሰብስ ብዙ ጀማሪ መድኃኒት ለመርጨት ይሮጣል። ጉዳዩ በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም በበቂ ሁኔታ ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ደግሞ አንዴ ማድረቅ፣ አንዴ ማጥለቅለቅ ነው። ስለዚህ ችግር የተጻፈውን ገጽ የተበላሸውን ፍሬ በእጅሽ ይዘሽ ስታነቢው መቼም አይጠፋሽም።

የዘራሽበትን ቀን፣ ያጠጣሽውን፣ የለቀምሽውን ኪሎና ያወጣሽውን ወጪ መዝግቢ። ዲግሪሽ የሌላ ዘርፍ ስለሆነ ቀጣሪ «ምን ታውቂያለሽ?» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ይህን ደብተር ታሳዪዋለሽ። ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ። ቢያንስ አንድ ወቅት ከዘር እስከ ለቀማ ተወጪ፤ በዕረፍት ቀንሽም አንድ አምራች ጋ ሄደሽ አግዢ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ይዘን ቁጥሩን አብረን እናየዋለን፤ ጻፊልኝ።