ከዊንዶውስ 7 ልውጣ ወይስ ልቆይበት? ለኮምቦልቻዋ እህታችን መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለሽ። የላፕቶፕሽ ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ 5፣ ፎርዝ ጀነሬሽን (አራተኛው ትውልድ)፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ሃርድ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ሆኖ ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። አንዱ "ዊንዶውስ 11 ጫኚበት ይፈጥናል" አለሽ፣ ሌላው "ከ7 ከወጣሽ ትጸጸቻለሽ" አለሽ። አንቺም ማንን ልስማ ብለሻል።

አብሽሪ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጥገና ላይ ነኝ፣ ዊንዶውስ 7ን፣ 10ንም 11ንም ስጭንና ሳነሳ ነው የምውለው። ለአንቺ ማሽንና ለአንቺ ሥራ የምመርጠው 10ን ነው፤ ግን ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ሳትቀይሪ አትንኪው።

መጀመሪያ 7ን አላማውም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የነበሩት ማሽኖች ዛሬ ካሉት በጣም የደከሙ ነበሩ፤ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ 4 ጊጋ ራም ላይ ወርድና ኤክሴል ከፍተሽ ስትሠሪ ከ10 ይልቅ እሱ ቀለል ይላል። ሥራ መሃል ቆይ ልታደስ ብሎ አያስቸግርም። ሁሉም ነገር የለመድሽው ቦታ ላይ ነው። ይህን የሚክድ ባለሙያ ካለ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ አልሠራበትም ማለት ነው።

ችግሩ 7 ውስጥ ሳይሆን ዙሪያው ነው። ማይክሮሶፍት ጃንዋሪ 14፣ 2020 ድጋፉን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት ለተራው ተጠቃሚ የሚደፍንለት የለም። የጉግሉ ብሮውዘር ክሮምም 109ኛው ቨርዥን ላይ ትቶታል፤ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ የወጣው አዲስ ክሮም ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም። አንቺ ዘንድ ደግሞ ደንበኛ "ይህችን ፎርም ኦንላይን ሙዪልኝ" ብሎ ይመጣል። ብሮውዘሩ ባረጀ ቁጥር ገጹ ግማሹ ይከፈታል፣ "ላክ" የሚለው ቁልፍ አልሠራ ይላል፤ ደንበኛው አንቺን እንጂ ክሮምን አይወቅስም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ፍላሹ ነው። የኮፒ ቤት ማሽን የሁሉንም ሰው ፍላሽ ይቀበላል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ሲቪውን፣ የቢሮው ጸሐፊ ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል። ያንን ሾርትከት የሚባለውን ቫይረስ ታውቂዋለሽ፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆኑና እውነተኛዎቹ ተደብቀው ይቀራሉ። አንድ ፍላሽ ወደ አንቺ ካመጣው ያንቺ ማሽን ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ያድለዋል። 7 ላይ ያለው ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ) ሰላይ ሶፍትዌር እንጂ ቫይረስ እንዲይዝ የተሠራ አይደለም፤ ሙሉ አንቲቫይረስ የሆነው ከ8 ጀምሮ ነው። ዲፌንደር 10 ላይ አሁንም መረጃው እየታደሰ ነው፤ ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 2028 እቀጥላለሁ ብሏል።

ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። መድፈኛው (ቀዳዳውን የሚዘጋው አፕዴት) ከሁለት ወር በፊት፣ ማርች ላይ ወጥቶ ነበር። የተመቱት በብዛት መድፈኛውን ያልጫኑ የ7 ማሽኖች ናቸው። እንግዲህ ያኔ 7 ገና ድጋፍ ነበረው፣ ዛሬ ያ እንኳን የለም። የደንበኛ ፋይል አንቺ እጅ ያለ አደራ ነው፤ እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።

ወደ 11 እንምጣ። በማይክሮሶፍት መስፈርት ከሄድሽ ያንቺ ላፕቶፕ አይቀበለውም። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። ራም ቢያንስ 4 ጊጋ ይላል፣ ግን 4 ጊጋ ላይ 11 ማስነሳትና 11 ላይ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማጣሪያውን ዘሎ የሚጭን ልጅ አታጪም፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ይጫናል ወይ? ይጫናል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አልገባም፤ እንጀራ የምትበዪበት ማሽን ላይ ይህን አልሞክርም። አዲስ ማሽን የምትገዢ ቀን ግን ያለ ምንም ማቅማማት 11 ያለው ይሁን። ያገለገለ ከሆነም ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አትግዢ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

10ም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 የደህንነት አፕዴት የሚገኝበት ፕሮግራም አለ፤ ለዚያ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው ቨርዥን መሆን አለበት። እንዲህም ሆኖ ለምን 10 አልኩሽ? ብሮውዘሮቹ አሁንም ይሠሩለታል፣ ዲፌንደሩ ይታደሳል፣ ማሽንሽም ይሸከመዋል። አዲስ እስክትገዢ ያሻግርሻል።

አሁን ስለ ፍጥነቱ። "10 ከጫንኩ ወዲህ ማሽኔ ሞተ" እያሉ ከሚያመጡልኝ ብዙዎቹ ጋ ታስክ ማናጀር (ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን) ስከፍት የማየው አንድ ነው፤ ዲስክ የሚለው ላይ 100 ፐርሰንት ቀይ ሆኖ ተለጥፏል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ቁጭ ብሏል። የሚሽከረከር ዲስክ የ10ን የጀርባ ሥራ አይችልም፣ በቃ። በኤስኤስዲ ስትቀይሪው ያው ላፕቶፕ ሌላ ማሽን ይሆናል። 256 ጊጋው ይበቃሻል። ራሙንም 8 አድርጊው።

ኢንተርኔቱን አትርሺ። 10 ስልክሽ ላይ ያለውን ፓኬጅ ሳትሰሚ ይጨርሰዋል። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክና ኢንተርኔት ገብተሽ፣ የምትጠቀሚበትን ዋይፋይ ነክተሽ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሪው። አብዛኛው አፕዴት ዳታሽ ላይ በራሱ መውረዱን ያቆማል። ከዚያ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄጂ አጥፍተሽ አፕዴት አድርጊ። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ላይ ግን በፍጹም አትጀምሪ፣ በተለይ ባትሪው ከሞተ። አፕዴት መሃል የጠፋ ማሽን አንዳንዴ አይነሳም።

ለጽሕፈት ሥራ ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፣ ማንም ሳይነግርሽ ይቀራል። 7 ላይ ኒያላ ፎንት አብሮት ይመጣል። 10 ላይ ግን ኒያላ ከዋናው ጭነት ወጥቶ አማራጭ ሆኗል፣ በምትኩ አማርኛውን የሚያሳየው ኤብሪማ ነው። ስለዚህ 7 ላይ በኒያላ የጻፍሽውን ማመልከቻ 10 ላይ ስትከፍቺው ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ስፋቱ ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል። አንድ ገጽ የነበረው ፊርማው ብቻ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነማ ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ሁሉ ይዛባል፣ ተማሪው ደግሞ ነገ አስረክባለሁ እያለሽ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብተሽ "ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ" የሚለውን ጨምሪ። ኒያላ ይመለሳል። ይህን የመጀመሪያው ቀን፣ ደንበኛ ሳይመጣ ጨርሺው። ከዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን ፊደልን በአንድ ዓይነት ከሚያነብበት አሠራር) በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ካሉሽ ግን ፎንቶቹን ከ7 ላይ ኮፒ ካላደረግሽ የሚታይሽ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው።

ፕሪንተርሽን አስቀድመሽ አጣሪ። ያረጀ ከሆነና ድራይቨሩ (ፕሪንተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ለ32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ 64 ቢቱ 10 ላይ አይሠራም፤ 11 ደግሞ የ32 ቢት ቨርዥን ጭራሽ የለውም። የሂሳብ ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነም ሲዲው ወይም መጫኛው እጅሽ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጪ ፎርማት አታስደርጊ።

ዊንዶውሱን አክቲቬት ለማድረግ ፍላሽ ላይ የሚዞረውን ክራክ (ያለ ፈቃድ የሚያስከፍተውን ፕሮግራም) እንዳትነኪ፣ አደራ። "መጀመሪያ ዲፌንደሩን አጥፊው" የሚል ፕሮግራም ዲፌንደሩ ከጠፋ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አንቺ አታዪም።

አሮጌውን ዲስክ አትጣዪው፣ ለማንም አትስጪውም። 7ቱን እንዳለ ይዞ ይቀመጥ፤ የጎደለሽ ፋይል ወይም ፎንት ካለ በዩኤስቢ ኬብል ሰክተሽ ታወጫለሽ። ራም ስትገዢ ደግሞ ያለውን አስፈትተሽ ጽሑፉን አንብቢ። የፎርዝ ጀነሬሽን ላፕቶፕ የሚወስደው ዲዲአር 3 ኤል ነው፣ 1.35 ቮልት የሚሠራው። ዲዲአር 4 ቢሰጡሽ ቦታው ላይ አይገባም፤ ኤል የሌለውን ተራ ዲዲአር 3 ቢሰጡሽ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ላይነሳ ይችላል። የላፕቶፑን ሞዴል እዚሁ ጻፊልኝና የትኛው እንደሚሆንሽ እነግርሻለሁ።