ስለ ማይክ ሄይልዉድ ጠይቁ፤ ጥያቄና መልስ

ጋሽ ፒስተን፦ ስለ ሞተር ተወዳዳሪው ባሪ ሺን ስናወራ ግማሻችሁ "ሄይልዉድስ?" እያላችሁ ስለወተወታችሁኝ ዛሬ ስለ እሱ ብቻ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለ አንድ ውድድር ስትጠይቁ ሲሲውን፣ ማለትም የሞተሩን መጠን፣ ጥቀሱ፤ ውድድሩ የሚመደበው በእሱ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ነጂ በአንድ ቀን 250ም፣ 350ም፣ 500ም ይወዳደር ነበር። ሲሲው ካልተጠቀሰ የማወራው የትኛውን እንደሆነ አይታወቅም።

የመርካቶ ልጅ፦ ሰላም ጋሼ። ለማናውቀው ሰዎች በአጭሩ ማን ነው?

ጋሽ ፒስተን፦ እንግሊዛዊ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነው፤ በ1940 ኦክስፎርድሺር ተወለደ። አባቱ ስታን ሞተር እየሸጡ የበለጸጉ ነጋዴ ነበሩ። በ1957 ኦልተን ፓርክ ላይ ገና በ17 ዓመቱ መወዳደር ጀመረ። 76 የግራንድ ፕሪ (ለዓለም ሻምፒዮና የሚቆጠር ውድድር) ድል፣ 9 የዓለም ሻምፒዮና አለው። በ250 ሲሲ 1961፣ 1966 እና 1967፤ በ350 ሲሲ 1966 እና 1967፤ በ500 ሲሲ ከ1962 እስከ 1965 አራቱንም ዓመት በተከታታይ። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው ማን ደሴት፣ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረገውን ቲቲ የተባለ የሞተር ውድድር 14 ጊዜ አሸንፏል።

ሰንሰለት፦ 9 አይደለም፣ 10 ነው። የ1978ቱን የት ጣሉት?

ጋሽ ፒስተን፦ እዚያ ስንደርስ።

ዘሪሁን ከቦሌ፦ እኔ የሰማሁት አባቱ ሀብታም ስለሆኑ ምርጥ ምርጡን ሞተር ገዝተውለት ነው ያሸነፈው የሚል ነው። ትንሽ የተጋነነ ስም አይመስልዎትም?

ጋሽ ፒስተን፦ የአባቱ ገንዘብ በጀመረበት ጊዜ ጠቅሞታል፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን የ1961ን ቲቲ ተመልከት። 125 ሲሲውንና 250 ሲሲውን በሆንዳ አሸነፈ። 350 ሲሲው ላይ ኤጄኤስ በሚባል የእንግሊዝ ሞተር እየመራ ሳለ የፒስተኑ ፒን ተሰብሮ ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። በሳምንቱ መጨረሻ 500 ሲሲውን በአንድ ሲሊንደር ኖርተን አሸነፈ። ያኔ የጣሊያኑ ኤምቪ አጉስታ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ነበር፤ ኖርተን በጉልበት አይደርስበትም። በአንድ ሳምንት ሦስት ቲቲ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም፤ አራተኛውን ያሳጣውም አንዲት ፒን ናት። ይህን አባት ገዝቶ አይሰጥም።

የ1965ን 500 ሲሲ ደግሞ ጨምርበት። ዝናብ ነበር። ጣሊያናዊው ተቀናቃኙ ጃኮሞ አጎስቲኒ ሳራስ ኮቴጅ የሚባለው ኩርባ ላይ ወደቀ። በሚቀጥለው ዙር ሄይልዉድም እዚያው ወደቀ። ተነስቶ የተጣመመውን መሪ በእግሩ እየመታ አቃናው፣ የፊት መስታወቱ በተሰባበረ ሞተር፣ አፍንጫው እየደማ ቀጠለና አሸነፈ።

አዲስ ገቢ፦ 67 ላይ ተሸነፈ ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ሆኖ ነው?

ጋሽ ፒስተን፦ ሲሲ! መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? በ1967 የ250ውም የ350ውም ሻምፒዮን እሱ ነው። የተሸነፈው በ500 ብቻ ነው፤ እሱን ማለትህ ከሆነ ግን ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ይህ ሰው በእኔ ዓይን ከሁሉ የሚበልጠው በዚያ በተሸነፈበት ዓመት ነው።

ሄይልዉድ ያኔ ለሆንዳ ነበር የሚነዳው። የሆንዳ 250ው ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። እስከ 18,000 ዙር በደቂቃ የሚዞር፣ 24 ቫልቭ፣ ሰባት ማርሽ ያለው። በ1966 ሄይልዉድ በዚህ ሞተር 10 የግራንድ ፕሪ ድል አስመዝግቧል። ለ350ው ይህንኑ ሞተር ወደ 297 ሲሲ አሳደጉለት። የ500ው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ጉልበቱ ከኤምቪ ይበልጣል፤ ቴላዮው (የሞተር ሳይክሉ አጽም) ግን ያንን ጉልበት አይችለውም። ኩርባ ውስጥ ገብተህ ጋዝ ስትሰጠው ይወዛወዛል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ መሪው ይናጣል። የሆንዳ መሐንዲሶች የሞተር ሰዎች ነበሩ፤ መንገድ አያያዙ ላይ ግን ገና ነበሩ። ኤምቪ በተቃራኒው ጉልበቱ ቢያንስም የተመጣጠነ ነበር፤ ላዩ ላይ ደግሞ አጎስቲኒ አለ።

አሁን የሰኔውን ቲቲ ተመልከቱ፣ 500 ሲሲ፣ ስድስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ በሴኮንዶች ይበላለጣሉ። ሄይልዉድ የጋዝ መስጫ እጀታው ላልቶበት ነዳጅ ሊሞላ ሲቆም ሊያጠብቀው ይታገላል። በዚያው ውድድር በሰዓት 108.77 ማይል፣ ማለትም 175 ኪሎ ሜትር፣ የዙር ክብረ ወሰን ጣለ፤ በዚያ ቴላዮ! ያ ሰዓት እስከ 1975 የሰበረው አልነበረም። በአምስተኛው ዙር የአጎስቲኒ ካቴና ተበጠሰና ሄይልዉድ አሸነፈ። በዚያው ሳምንት 250ውንና 350ውንም ወስዷል።

ብዙም ሳይቆይ አሰን፣ ኔዘርላንድ ላይ 250፣ 350 እና 500፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን አሸነፈ። ከአንዱ ሞተር ወርደህ፣ ላብህ ሳይደርቅ፣ ባሕርይው ፈጽሞ የተለየ ሌላ ሞተር ላይ መውጣት ማለት ነው።

ከዚያ ሞንዛ፣ ጣሊያን፣ 500 ሲሲ። እየመራ ነው፤ ጥቂት ዙሮች ቀርተውታል። ካምቢዮው ተበላሸበት፣ ማርሽ አልገባ አለው። አጎስቲኒ አልፎት አሸነፈ፣ እሱ ሁለተኛ ሆነ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሁለቱም እኩል 46 ነጥብ፣ ሁለቱም እኩል 5 ድል። የለየው የሁለተኛ ደረጃ ብዛት ነው፦ አጎስቲኒ 3፣ ሄይልዉድ 2። ከ10 ውድድር ጥሩዎቹ 6 ብቻ ይቆጠሩ ነበር፤ ለአንደኛ 8፣ ለሁለተኛ 6 ነጥብ። ሞንዛን ቢያሸንፍ 48 ይሆንለት ነበር፤ አጎስቲኒ 44 ላይ ይቀራል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ሚላኖ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ግን ቴላዮ፣ ካቴና፣ ካምቢዮ ሲባል አጎስቲኒ ምንም ያልሠራ ይመስላል። 15 የዓለም ሻምፒዮና፣ 122 ድል። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ጋሽ ፒስተን፦ አጎስቲኒን አልነካሁም። ሆንዳ ከ1967 በኋላ ሲወጣ ግን ኤምቪ ለብዙ ዓመት ደህና ተፎካካሪ አልነበረውም፤ ከ15ቱ የሚበዙት የዚያ ዘመን ናቸው።

ሚላኖ፦ በ1974 ወደ ያማሃ ሄዶ አሜሪካ ውስጥ ዳይቶና 200 የሚባለውን ውድድር በመጀመሪያ ሙከራው አሸነፈ። በ1975 የ500ውን ዋንጫ በባለ ሁለት ምት ሞተር ወሰደ። ያኔም ተፎካካሪ አልነበረም?

ሰንሰለት፦ ሚላኖ ልክ ነው። ጋሽ ፒስተን ሄይልዉድ ሲሸነፍ ሁልጊዜ ሞተሩን ነው የሚወቅሱት።

ጋሽ ፒስተን፦ የ1975ቱ እውነተኛ ዋንጫ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ እሱን አከብርለታለሁ። ስለ 1967 ያልኩትን ግን አልቀይርም።

ፍጥነት ወዳድ፦ ሄይልዉድ ወይስ የሞተር ሻምፒዮኑ ቫለንቲኖ ሮሲ?

ጋሽ ፒስተን፦ አላወዳድርም።

ሳሪስ፦ እኔ 150 ሲሲ አለኝ፣ ለሥራ ነው የምነዳው። እንደ እሱ ኩርባ ላይ አጋድሎ መንዳት እንዴት ይለመዳል?

ጋሽ ፒስተን፦ በሕዝብ መንገድ ላይ አይለመድም። ማን ደሴት ሲወዳደሩ መንገዱ ለትራፊክ ዝግ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ እዚያ መንገድ ላይ ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። አንተ በምትነዳበት ኩርባ ማዶ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ሄልሜትህን ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ፍሬንህን አሳይ።

ሊዮን፦ ስንት ዋንጫ ነው ያለው?

ጋሽ ፒስተን፦ ከላይ ተጽፏል። አንብቡ እንጂ።

በርሚንግሃም፦ እኔ እዚሁ እንግሊዝ ነኝ። ቲቲን ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ። መቼ ነው? ቪዛውስ ከዚህ ይለያል?

ጋሽ ፒስተን፦ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ። ከሂሸም ወይም ከሊቨርፑል በመርከብ ወደ ዳግላስ ነው፤ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ወራት ቀድመህ ያዝ። የቪዛ ነገር የሚመለከታቸውን ጠይቅ። ሌላው፣ የምትቆምበትን ቦታ ማርሻሎቹ ካሉህ ውጭ አትምረጥ፤ እንዳትነግረኝም፣ ሰው በ300 ኪሎ ሜትር ከሚያልፍበት አጥር ላይ ተቀምጬ ፎቶ አነሳሁ እንዳትለኝ።

የመርካቶ ልጅ፦ ከሆንዳ በኋላ ምን ሠራ? ለምን ጡረታ ወጣ?

ጋሽ ፒስተን፦ ጡረታ አልወጣም። ሆንዳ በ1968 ከግራንድ ፕሪ ሲወጣ ለሌላ ፋብሪካ እንዳይነዳበት 50,000 ፓውንድ ከፈለው። ወደ መኪና ዞረ። በ1969 "ለ ማን" በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ በፎርድ ጂቲ40 ሦስተኛ ወጣ፤ በ1972 የአውሮፓ ፎርሙላ 2 ሻምፒዮን ሆነ። ፎርሙላ 1 ላይ 50 ጊዜ ተሰልፎ አንድም አላሸነፈም፤ ከፍተኛው የ1972 ሞንዛ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ዘሪሁን ከቦሌ፦ ሰርቲዝ በሁለቱም ሻምፒዮን ሆኗል። ታዲያ ትልቁ እሱ ነዋ።

ጋሽ ፒስተን፦ በሞተርም በፎርሙላ 1ም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው ሰው ጆን ሰርቲዝ ነው፤ ልክ ብለሃል። ሄይልዉድ ራሱ ለሰርቲዝ ቡድን ነድቷል። ግን ስለ መኪናው ዘመን ከተነሳ ሊነሳ የሚገባው ነገር ሌላ ነው። በ1973 ደቡብ አፍሪካ፣ ካያላሚ ላይ ከክሌይ ሬጋዞኒ ጋር ተጋጩ። የሬጋዞኒ መኪና ተቀጣጠለ፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ውስጥ ነው። ሄይልዉድ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ቀበቶውን ሊፈታለት እሳቱ ውስጥ ገባ። የራሱ ልብስ ተያያዘ። ወጣ፣ አጠፉለት፣ እንደገና ተመልሶ ገባና ሬጋዞኒን ጎትቶ አወጣው። ለዚህ የብሪታንያ መንግሥት የጆርጅ ሜዳልያ ሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት ኑርበርግሪንግ ላይ ክፉኛ ተጋጭቶ እግሩ ተሰባበረ፤ የመኪና ሕይወቱ እዚያ አበቃ።

አዲስ ገቢ፦ እንዴት ሞተ? ቲቲ ላይ ነው አይደል?

ጋሽ ፒስተን፦ አይደለም፤ ይህን ስህተት ብዙ ሰው ይደግመዋል። መጋቢት 1981 ማታ፣ ከሁለት ልጆቹ ጋር የተጠበሰ ዓሣና ድንች ሊገዛ መኪና እየነዳ ነበር። ዎሪክሺር ውስጥ አንድ የጭነት መኪና በተከለከለ ቦታ ሲዞር ከፊቱ ገባና ተጋጩ። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ወዲያው ሞተች፤ እሱ ከሁለት ቀን በኋላ። ወንድ ልጁ ተረፈ። ሄይልዉድ 40 ዓመቱ ነበር። የጭነት መኪናው ሹፌር 100 ፓውንድ ተቀጣ። ለዚህ ነው ስለ ሕዝብ መንገድ ደጋግሜ የምጮኸው።

ሰንሰለት፦ ነፍሱን ይማር። አሁን 1978።

ጋሽ ፒስተን፦ እሺ። 38 ዓመቱ ነው፣ ማን ደሴት ላይ ከተወዳደረ 11 ዓመት አልፎታል፣ እግሩ እንደ ልብ አይታጠፍለትም። ማንቸስተር ያለ አንድ የዱካቲ ነጋዴ ባዘጋጀው ዱካቲ 900 በፎርሙላ 1 ቲቲ (የሞተር ውድድር ነው፣ ከመኪናው ፎርሙላ 1 ጋር አይገናኝም) ተሰለፈ። ተቀናቃኙ ፊል ሪድ በሆንዳ። ቲቲ ላይ ተወዳዳሪዎች በየተራ ነው የሚነሱት፤ ሪድ ቀድሞት ተነስቷል። ሄይልዉድ መንገድ ላይ ደርሶበት አለፈው፤ የሪድ ሆንዳ ዘይት እያፈሰሰ ቆመ። ሄይልዉድ በአማካይ በሰዓት 108 ማይል ከግማሽ ገደማ ነድቶ ጨረሰ። ወጣት ሳለ በሆንዳ 500 በነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ትግል ካስመዘገበው የአንድ ዙር ክብረ ወሰን ጋር አስተያዩት፤ ይኼኛው የስድስት ዙር አማካይ ነው።

ሰንሰለት፦ እና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። 10።

ጋሽ ፒስተን፦ ቲቲ ከ1976 በኋላ ከግራንድ ፕሪ ወጥቷል። ለማካካስ የቲቲ ፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና የሚል ተፈጠረ፤ በ1978 ደግሞ የዓመቱ ውድድር ያ አንዱ ብቻ ነበር። እኔ 9 የግራንድ ፕሪ እላለሁ፣ 10ኛውን ለብቻው እጽፈዋለሁ። ከ10 ውድድር ከተለቀመ ዋንጫ ጋር አንድ ላይ አልደምረውም።

ሚላኖ፦ የዓለም ሻምፒዮናን የሚሰጠው የዓለም ፌዴሬሽኑ ነው፤ ሰጥቶታል። ጋሽ ፒስተን የ1967ን ሞንዛ "ቢያሸንፍ ኖሮ" ብለው ይቆጥራሉ፣ ያሸነፈውን ግን አይቆጥሩም።

ጋሽ ፒስተን፦ ሞንዛን አልቆጠርኩም፣ ሒሳቡን ነው ያሳየሁት።

ሊዮን፦ ቆይ፣ 9 ነው 10?

ጋሽ ፒስተን፦ ሊዮን፣ ከላይ።

በርሚንግሃም፦ እዚህ አንድ ሰው ዱካቲ "ሄይልዉድ ሪፕሊካ" እየሸጠ ነው። ያ ራሱ የነዳው ሞተር ነው?

ጋሽ ፒስተን፦ አይደለም። ከድሉ በኋላ ዱካቲ ከ1979 እስከ 1986 ለሽያጭ ያወጣው ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ቀለሙ ያሳስታል እንጂ ከመንገድ ሞተር የተሠራ ነው። የሞተሩንና የቴላዮውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳታመሳክር ብር አታውጣ። ዋጋ አልገምትም።

የመርካቶ ልጅ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ፤ ከ1978 በኋላ ቲቲ ላይ ተመልሷል?

ጋሽ ፒስተን፦ በ1979፣ 39 ዓመቱ ላይ። ሲኒየር ቲቲን (የ500 ሲሲውን ውድድር) በሱዙኪ 500 አሸነፈ፤ 14ኛው ድሉ ያ ነው። በዚያው ሳምንት ክላሲክ ቲቲ ላይ ያንኑ 500 ይዞ ከአሌክስ ጆርጅ ሆንዳ ጋር ገጠመ፤ ሆንዳው በሲሲ እጥፍ ገደማ ነው። ስድስት ዙር፣ 364 ኪሎ ሜትር፣ እየተቀዳደሙ። ጆርጅ በ3.4 ሴኮንድ በለጠው።