የጉጉት ድምፅና አዲሶቹ መጻሕፍት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በቅርቡ ሦስት መጻሕፍት ገዛሁ። አንዱ ስለ እንስሳት ጠባይ ነው። ሁለተኛው የተረት ስብስብ ነው። ሦስተኛው ሰዎች ስለ እንስሳት ያሏቸውን አጉል እምነቶች ይተርካል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሌሊት ጉጉት ስትጮህ ሰው የሚሞት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣለሁ። ማንበቤ ኃጢአት ነው? ላቃጥለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እኔም ልጅ ሳለሁ ጉጉት ስትጮህ ብርድ ልብሴን እከናነብ ነበር። ፍርሃትሽ ይገባኛል።

የእንስሳቱን መጽሐፍ ሳትሳቀቂ አንብቢ። ኢዮብ እንስሳትን ጠይቅ፣ ያስተምሩሃል ብሏል (ኢዮ. 12፥7)። አባቶቻችንም ፊሳልጎስ የሚባለውን የእንስሳት መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግእዝ መልሰው ተምረውበታል። ተረቱም ተረትነቱ እስከታወቀ ድረስ አይጎዳም።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ስለ አጉል እምነት ማወቅ ሌላ፣ ለእሱ መገዛት ሌላ ነው። ዳንኤል የከለዳውያንን ትምህርት ተምሯል፤ ጣዖታቸውን ግን አላመለከም። በኤፌሶን የተቃጠሉት መጻሕፍት አስማተኞች ይሠሩባቸው የነበሩ ናቸው (ሐዋ. 19፥19)። ያንቺው የሰዎችን እምነት የሚተርክ ብቻ ከሆነ አታቃጥዪው። ይህን ድገሚ፣ ያንን እሰሪ የሚል ክፍል ካለው ግን ከቤትሽ ይውጣ። ለሌላም ሰው አትስጪው።

እኔን ያሳሰበኝ እንቅልፍሽ ነው። ጳውሎስ በማልታ ሳለ እፉኝት እጁ ላይ ተንጠለጠለች። የደሴቲቱ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ነው አሉ። ሳይሞት ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ (ሐዋ. 28፥3-6)። እባቧም ያችው ናት፣ ጳውሎስም ያው ነው። የተገለበጠው የሰዎቹ ግምት ነው። ጉጉትም እንዲሁ ናት። የጥንት ሮማውያን የሞት ምልክት አደረጓት። አቴናውያን ግን የጥበብ ምልክት ብለው በገንዘባቸው ላይ ቀረጿት። እሷ የምትጮኸው ክልሏን ለማስከበርና ጓደኛዋን ለመጥራት ነው። ስለ አንቺ ቤት የምታውቀው ነገር የለም።

በኦሪት ሟርት የተከለከለው (ዘዳ. 18፥10-12) ልባችን ነገውን ከፈጣሪ ሌላ ከማንም እንዳይጠብቅ ነው። ድንቢጥ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ በምድር ላይ አትወድቅም ብሎናል ጌታ (ማቴ. 10፥29)። ታዲያ ያንቺን ዕድሜ ለጉጉት አሳልፎ ይሰጣል?

አንድ ነገር አደራ። መዝሙረ ዳዊትን ከትራስሽ ሥር አድርገሽ ወፏን መመለሻ አታድርጊው። እንዲያ ከሆነ ከክታብ በምን ተለየ? ይልቅ ገልጠሽ ጸልዪበት። መዝሙር 90 የሌሊቱን ፍርሃት አትፈራም የሚለው በልዑል መጠጊያ ለሚኖር ሰው ነው።

ፍርሃቱ አልለቅ ካለሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ዛሬ ሌሊት ከጮኸች አቡነ ዘበሰማያት ድገሚና ተኚ። ነገ ለመሄድ ያሰብሽበት ቦታ ካለም አትቅሪ።