«ዓይኔን ተሸፍኜ ልዝለል?»

ጥያቄ፦ የ67 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ ጉልበቴ ከምድጃው ዳር አላስነሣ ይለኛል። ውጭ አገር ያለችው ልጄ «እማዬ፣ ስፖርት ያሠራሻል» ብላ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር፣ ያንን ዓይን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስለውን፣ ላከችልኝ። የልጅ ልጄ ቢያስርልኝ ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩ መስሎኝ ጮኽኩ። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልጄ በደወለች ቁጥር «ሠራሽበት?» ትለኛለች፤ መዋሸት ሰለቸኝ። በዚህ ዕድሜ ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ እትዬ፣ ጮኽኩ ብለው አይሳቀቁ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆኜ የገዛ እናቴን አስጩኻለሁ። ከመንዝ ልትጠይቀኝ በመጣች ሰሞን ተውሼ አሰርኩላት። ሻሿ ላይ ስለነበር ተንሸራተተ። ይባስ ብሎ የመረጥኩላት ጨዋታ በባቡር ቁልቁል የሚያንደረድር ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቃት። «ልጄ፣ ይሄስ ጠበል የሚያስኬድ ነው» ብላ አውልቃ ጣለችው።

ጥፋቱ የእኔ ችኮላ ነው። ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል፣ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን ጠባቂ «ኧረ ተቀምጠናል» ይላል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው፤ ጣርማበርን ሲወርድ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ በመነጽሩ የሚታየው ዓለም ዝም ብሎ እጅዎ ብቻ በሚንቀሳቀስበት ጨዋታ ይጀምሩ፤ የሚመጣ ኳስ መምታት ዓይነቱን። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ 5 ደቂቃ ብቻ። የልጅ ልጅዎ ከአጠገብዎ አይራቅ፤ ምድጃውና ረከቦቱ ግን ይራቁ። አዳዲሶቹ መነጽሮች የራስዎን ክፍል በካሜራ ያሳያሉ፤ መጀመሪያ እሱን ይክፈትልዎት። ክብደቱም ቀላል አይደለም። ኩዌስት 3 የሚባለው 515 ግራም ነው፤ ግማሽ ኪሎ ቡና ግንባር ላይ ማሰር በሉት። አንገትዎን ካመመዎ አይታገሉ። የሚጥል በሽታ ካለብዎ ወይም በቅርቡ ወድቀው ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ በ1989 እ.ኤ.አ. ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ሲል ነው ብሎ ነበር። እናቴ ላይ ሦስተኛ አየሁ፤ «አያዋርደኝም»። ዓይኗን ተሸፍና ብቻዋን ከአየር ጋር ስትደባደብ ያበደች እንዳትመስል ነበር ፍርሃቷ። ከሁለት ወር በኋላ እሷ የምታየው በስልክ እንዲታይ አድርጌ ለቡና የመጡት ጎረቤቶች እጅ ሰጠሁት። «በግራሽ! በግራሽ መጣ!» እያሉ ሲጮኹ፣ ያቺ ጠበል ያስኬዳል ያለች ሴት «አንድ ጊዜ ልድገመው» አለች።

ግን ተቀምጦ እጅ ማወራጨት ብቻውን ከመውደቅ አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲያደርግ ይመክራል። ለዚህ መነጽር አያስፈልግም፤ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፣ መደገፊያውን ይዞ በአንድ እግር መቆም ይበቃል።

መነጽሩን ሦስት ቀን ያህል ሞክረው ካልወደዱት የልጅ ልጅዎ ይጫወትበት። ልጅዎ ስትደውል «ዛሬ 10 ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ» ይበሏት፤ ከሠሩት ውሸት አይደለም።