ደረቅ አሸዋ ላይ የቆመው ድንጋይ እና የጊዛ ግንበኞች

አንድ መምህር የጊዛ ፒራሚድ ድንጋዮች እንዴት እንደተጓጓዙ ለተማሪዎቻቸው በተግባር ለማሳየት፣ አምስት ኩንታል የሚመዝን የኖራ ድንጋይ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ጭነው በናይሎን ገመድ በስምንት ሰው ጉልበት አሸዋ ላይ አስጎተቱ። መንሸራተቻው ጥቂት ከሄደ በኋላ ከፊቱ አሸዋ ተከምሮ ቆመ። እግሮቹ ግራሶ ተቀቡ፣ ላሜራ ተመታባቸው፣ የፕላስቲክ ቱቦ ከሥር ተደረገ፣ በመጨረሻም አንድ ባልዲ ውሃ ከፊቱ ሲደፋ ጭራሽ ሰመጠ። ይህን ያዩ ባልደረባቸው አምስት ኩንታል ያልተጎተተበት አሸዋ ላይ ሁለት ቶን ተኩል በሰው እጅ ሊሄድ ስለማይችል ፒራሚዱን የሠራው ከሌላ ዓለም የመጣ ኃይል ነው ብለው ደመደሙ። መምህሩ የሚጠይቁት ምን እንደተበላሸና ለባልደረባቸው ምን እንደሚመልሱ ነው።

ክቡር መምህር፣ «ከፊቱ አሸዋ ተከመረ» የሚለውን ሳነብ ጥፋቱ በአሸዋው እንጂ በጎታቾቹ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ጭነቱ ከአቅማቸው በላይ ቢሆን ኖሮ ከመነሻው ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ የቆመው ደረቁ አሸዋ ፊት ለፊት እየተገፋ ስለተቆለለበት ነው።

መጀመሪያ የቀደሙትን ጥገናዎች በሙሉ ያንሡ። ግራሶ አሸዋን እየያዘ እግሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያደርገዋል። ስስ ላሜራ ደግሞ ጠርዙ ተገልብጦ መሬቱን ያርሳል፤ በርካሽ ምስማር ሲመታማ በመጀመሪያው ጉተታ ይነቀላል። የፕላስቲክ ቱቦ ለስላሳ መሬት ላይ ሰምጦ ከመሰንጠቅ በቀር ፋይዳ የለውም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የናይሎን ገመዱ ነው። ርካሽ ናይሎን ሲወጠር እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ፣ ሲበጠስ ተመልሶ የሚገርፈው የሰው ፊትና ዐይን ነው። የማይለጠጥ ወፍራም ገመድ ይግዙ፤ ገመዱ በተወጠረ ጊዜም ከጎታቾቹ በቀር አንድም ተማሪ በገመዱ መስመር ላይ ወይም አጠገብ አይቁም።

አሁን ወደ ውሃው። ደረቅ አሸዋ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ ጭነት ሲያርፍበት ወደ ጎንና ወደ ፊት ይሸሻል። በልኩ ሲረጥብ ግን በየሁለቱ ቅንጣት መካከል የምትገባው ጥቂት ውሃ እንደ ድልድይ ሆና ትስባቸዋለች፤ አሸዋው ይጠነክራል፣ መንሸራተቻውም ሳይሰምጥ በላዩ ይሄዳል። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላ መሳሳቡ ይጠፋል፣ አሸዋውም እንደገና ይላላል። የእርስዎ ባልዲ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ሞክረው፣ ተገቢው ውሃ ከአሸዋው መጠን ከ2 እስከ 5 በመቶ እንደሆነና የመጎተቻውን ኃይል ወደ ግማሽ ሊያወርደው እንደሚችል አሳይተዋል። በግብፅ ዴይር ኤል በርሻ ባለው፣ ጀሁቲሆተፕ በተባለ የጥንት የአውራጃ ገዥ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ በአራት ረድፍ የተሰለፉ 172 ሰዎች አንድ ግዙፍ ሐውልት በመንሸራተቻ ሲጎትቱ ተሥለዋል፤ ከሐውልቱ እግር ሥር የቆመ ሰውም ከመንሸራተቻው ፊት ውሃ ያፈሳል። ሥዕሉ ታላቁን የጊዛ ፒራሚድ ካስገነባው ከንጉሥ ኩፉ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም፣ የሚያሳየው የሙያውን አሠራር ነው፤ ውሃ አፍሳሹን ለሥርዓት ብቻ የቆመ አድርጎ ማየት ለእኔ ለድንጋይ ሠራተኛ አይዋጥልኝም።

በእርስዎ ልክ ላስላው። 10 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የአሸዋ መንገድ አንድ ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ የሚበቃው ከ20 እስከ 50 ሊትር ውሃ ነው፤ ይኸውም ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። በአንድ ቦታ አይድፉት፤ በአትክልት ማጠጫ እየረጩ በአካፋ ያገላብጡት፣ ከዚያ ደልድለው ይጠቅጥቁት። እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆየና ውሃ ካላንጠባጠበ ልኩ ነው። የመንሸራተቻውን እግሮች የፊት ጫፍ ወደ ላይ እንዲታጠፍ አድርገው ይጥረቡት፤ ከጊዛ በስተ ደቡብ ባለው የፒራሚዶች ስፍራ፣ በዳህሹር፣ የተገኘው ጥንታዊ መንሸራተቻም ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ደረቅ አሸዋ ላይ ለአምስት ኩንታል ወደ 250 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉተታ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳይቋረጥ 30 ያህል ቢጎትት፣ ስምንት ሰዎች ጫፉ ላይ ደርሰው የሚቆሙት ለዚህ ነው። በረጠበው ላይ አምስት ሰው ይበቃል። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝነውን የተለመደ የፒራሚድ ድንጋይ በዚሁ ስሌት በረጠበ ሜዳ ላይ 25 ያህል ሰው ይጎትተዋል።

ባልደረባዎ ድንጋዩ ሽቅብ እንዴት ወጣ የሚለውን ያነሡ ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. በግብፅ ሐትኑብ በሚገኘው የአልባስጥሮስ ድንጋይ ማውጫ፣ ግራና ቀኙ ደረጃና የወፋፍራም እንጨቶች መትከያ ጉድጓድ ያለው፣ ከኩፉ ዘመን ጋር የተያያዘ ዳገታማ መወጣጫ መገኘቱ ተገልጿል። ገመዱ በተተከሉት እንጨቶች ላይ እየዞረ፣ ጎታቾቹ በደረጃው ላይ ቆመው ይስቡ ነበር የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው። አብዛኛው የመሙያ ድንጋይ ከፒራሚዱ በስተ ደቡብ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ ከተቆፈረው ስፍራ የወጣ ነው። ከዓባይ ማዶ ካለችው ከቱራ የሚወጣውን ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ያመላለሰው መረር የተባለ የቡድን አለቃም የሥራ መዝገቡን ትቶልናል፤ መዝገቡ የተጻፈበት ፓፒረስ፣ ማለትም ከደንገል የተሠራ ወረቀት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል ጀርፍ ተገኝቷል። የኩፉ አባት ስነፈሩም ዳህሹር ላይ ፒራሚዱ በግንባታው መካከል ሲሰነጣጠቅበት፣ የግድግዳዎቹን ተዳፋት ከ54 ዲግሪ ወደ 43 ገደማ ቀንሶ ጨርሶታል። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጹም ጥበብ ቢሆን ኖሮ በሥራው መካከል ዲግሪ አይቀይርም ነበር፤ ይህ እየሠራ የሚማር ግንበኛ እጅ ነው፣ ድካሙንም ለሌላ መስጠት ግፍ ነው።

ሽቅብ መሞከር ካሰቡ በየግማሽ ሜትሩ ከመንሸራተቻው ኋላ ሽብልቅ ያስገቡ፤ ሽብልቁን የሚያቀብለው ሰው በረዥም እንጨት ከጎን ይግፋው እንጂ ከድንጋዩ በታች አይቁም። ስለ ገመዱ የተናገርኩትንም እደግመዋለሁ፦ ሲወጠር ተመልካቹ ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። በገመዱና በመንሸራተቻው መካከል የተንጠልጣይ ሚዛን ያስገቡና መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀጥሎ በረጠበው ላይ የሚያነበውን ተማሪዎቹ በሰሌዳ ይጻፉ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ለባልደረባዎ ያሳዩዋቸው።